ዓሣ የሚጠበቀው ደጃፉ ላይ ነው

ወሩ ነሐሴ ነው። ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ረፋድ ጎንደር ገበያ ውስጥ፣ ዓሣ ከሚሸጡ እናት ፊት ቆሜያለሁ። ክንድ የሚያህል ነጭ ዓሣ አነሡ፤ ቅርፊቱን በቢላዋ ጀርባ አራገፉና ሆዱን ሰነጠቁት። ወርቃማ ቢጫ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ፣ ፍሬው ከማሽላ ያነሰ እንቁላል ተዘርግፎ ወጣ። ሁለት እፍኝ ይሞላል። በጣታቸው ጠረጉና ከሌላው ሆድ ዕቃ ጋር ባልዲ ውስጥ ጣሉት። ቀጣዩን አነሡ፤ እሱም እንዲሁ። ሦስተኛውም እንዲሁ። «እትዬ፣ ይሄ ሁሉ እንቁላል ነው ወይ?» አልኳቸው። በዚህ ወር ከጣና ዳር፣ ከወደ ደምቢያ የሚመጣ ነጭ ዓሣ ሁሉ ሆዱ ሙሉ እንደሆነ፣ ጥቅምት ሲያልቅ ግን ባዶውን እንደሚመጣ፣ እጃቸው ከሥራው ሳይቦዝን ነገሩኝ። ለእርሳቸው የተለመደ የወቅት ነገር ነው። እኔ ግን ዓይኔን ከባልዲው ላይ መንቀል አቃተኝ።

ባልዲው ውስጥ የነበረው የመጪዎቹ ዓመታት ዓሣ ነው። እናቲቱ ዓሣ የተያዘችው እንቁላሏን ልትጥል ወደ ወንዝ ስትገባ፣ ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት ደጃፍ ላይ ነው። ስለ ጣና ስንነጋገር ሐሳባችን ሰፊው ውኃ ላይ፣ ጀልባው ላይ፣ ገዳማቱ ላይ ያርፋል። ዓሣውን የሚያኖረውም የሚገድለውም ግን በዓመት አራት ወር ብቻ፣ በጥቂት የወንዝ አፎች ላይ የሚሆነው ነገር ነው። ከእነዚህ አፎች ሁለቱ፣ መገጭና ድርማ፣ የጎንደር ደጆች ናቸው። ስለዚህ የጣና ዓሣ ጉዳይ የባሕር ዳር ጉዳይ ነው ብሎ መቀመጥ ለጎንደር ሰው አይሆንለትም።

በራሱ ግቢ የኖረ ዓሣ

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሐይቅ ነው። ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ተፈጥሮ የሰጠችው መውጫ አንድ ዓባይ ብቻ ሲሆን፣ ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ጢስ ዓባይ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረወራል። ከታች የሚመጣ ዓሣ ያን ገደል ሊወጣው አይችልም። የጣና ዓሣ በዚህ ምክንያት ከቀረው የዓባይ ወገኑ ተለይቶ፣ በራሱ ግቢ ተዘግቶ፣ ዘመናት ኖረ። ከአንድ ዘር ተነሥቶም ብዙ ዓይነት ሆነ።

እኛ ገበያ ላይ ሁሉንም በአንድ ስም «ነጭ ዓሣ» እንላቸዋለን። ሳይንሱ ላቤዎባርበስ ይላቸዋል። ናግልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ሥራ የሐይቁን ትልልቅ ነጭ ዓሦች 15 ዝርያ አድርገው ለይተዋቸዋል። ከንፈሩ የወፈረ አለ፤ አፉ ወደ ታች የዞረ አለ፤ ዓይኑ የጎላ አለ፤ አፉ ሰፍቶ እንደ አዳኝ የሚከፈት አለ። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም። ያም ሆኖ ከ15ቱ ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ ይበላሉ፤ ይህ በዓለም ላይ እምብዛም የማይታይ ነው።

ጎንደርም ለዚህ ዕውቀት እንግዳ አይደለችም። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር መጥቶ ተቀምጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1835 ለዓለም ካስተዋወቃቸው የዓሣ ስሞች መካከል «ቤሶ» ይገኛል፤ «ጎርጓሪ»ም ይገኛል። ይህን ሁለተኛውን ስም ያነበበ አማርኛ ተናጋሪ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለውን ተረት ሳያስታውስ አያልፍም። እኛም የወንዙን አፍ ስንጎረጉር ከረምን፤ የሚወጣው ምን እንደሆነ አሁን እያየነው ነው።

እንደ ሠርገኛ ተራ በተራ

የሐይቁ ዓሦች ሁሉ ልጅ የሚያሳድጉት በአንድ መንገድ አይደለም። ቀረሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትጠብቃለች፤ ጫጩቶቿም አደጋ ሲመጣ ወደ እናታቸው አፍ ይመለሳሉ። ለመራባትም ከሐይቁ ዳርቻ መራቅ አያስፈልጋትም። አምባዛ ክረምት ሲገባ ሜዳውን ወዳጥለቀለቀው ውኃ ይወጣል፤ በፎገራ ያሉት ሸሸርና ወላላ ረግረጎች ለዚህ የታወቁ ናቸው። ነጭ ዓሣ ግን ወንዝ ይፈልጋል። ከ15ቱ ዝርያዎች ቢያንስ ሰባቱ ወንዝ ካልወጡ አይራቡም።

ሐምሌ ገብቶ ከጎንደር በስተሰሜን ያለው ደጋ ዝናቡን መጠጣት ሲያቅተው መገጭ ይሞላል። ቀዝቃዛው ድፍርስ ውኃ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ዓሣው ከየአቅጣጫው ወደ ወንዙ አፍ ይሰበሰባል። እዚያ ጥቂት ይቆይና ሽቅብ ይያያዘዋል። ዝርያዎቹ በአንድ ቀን አይወጡም፤ አንዱ ሲመለስ ሌላው ይገባል፣ እንደ ሠርገኛ ተራ በተራ። በአሥሮች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ዓሣው ዋናውን ድፍርስ ወንዝ ትቶ ወደ ትንሽ ገባር ይታጠፋል። የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ንጹሕ ጠጠር፣ ጥርት ያለ ውኃ እና አየር ያዘለ ፍሰት። እንቁላሉን ጠጠሩ መሀል ይጥላል። ጠጠሩ ከለላው ነው፤ በጠጠሩ መሀል የሚያልፈው ውኃ ደግሞ ትንፋሹ ነው። ደለል ከተኛበት እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ነሐሴና መስከረም የጉዞው ዋና ወራት ናቸው፤ ጥቅምት ሲገባደድ ሥራው ሁሉ ያበቃል።

ወደ ጣና ከሚገባው ውኃ አብዛኛውን የሚያመጡት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። ዋሴ አንተነህ፣ አበበ ጌታሁንና እሸቴ ደጀን የተባሉ ኢትዮጵያውያን የዓሣ ሳይንስ ምሁራን በመገጭና በድርማ ላይ ባደረጉት ጥናት ነጭ ዓሣ በእነዚህ ወንዞችም እንደሚወጣ አሳይተዋል። አርኖ ጋርኖም ከዚሁ ወገን ነው። እንግዲህ ስሌቱን አስቡት። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ውኃ ላይ ተበትኖ የነበረ ዓሣ፣ ዓመቱን ሙሉ ፈልገው የማያገኙት፣ በነሐሴ አንድ መረብ ሊዘጋው በሚችል ስፋት ውስጥ ይታጨቃል። ከዚህ የቀለለ ስገራ በምድር ላይ የለም። ከዚህ የከፋም የለም።

ቁጥሩ የሚናገረው

የጣና ሰው ዓሣ ማስገር የጀመረው ትናንት አይደለም። ነገደ ወይጦ የሚባለው ማኅበረሰብ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ሐይቁን ሲያርስ ስንት ትውልድ አልፏል። ታንኳ ግን ሩቅ አይሄድም፤ ብዙም አይጭንም። ለውጡ የመጣው በ1978 ዓ.ም. ገደማ፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና በኔዘርላንድ በጎ አድራጊዎች ትብብር ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ሲገባ ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ በድርቅና በረኃብ ማግስት ለነበረ ሕዝብ እንጀራ ነበር። ለብዙ ቤተሰብም በእርግጥ እንጀራ ሆኗል። ነገር ግን ሞተሩ መረቡን የወንዞቹ አፍ ድረስ አደረሰው።

ከዚያ የሆነውን ተመራማሪዎች በአኃዝ አስቀምጠውታል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ ክምችት በ75 በመቶ ቀነሰ። ገና ያልጎለመሰው ዓሣ ደግሞ በ90 በመቶ ቀነሰ። ቁም ነገሩ ያለው በሁለተኛው ቁጥር ውስጥ ነው። ትልቁ ዓሣ ብቻ ቢያልቅ፣ ብዙ በላን እንል ነበር። ትንሹ ከትልቁ ይልቅ ሲመናመን ግን ችግሩ ማዕዱ ላይ ሳይሆን ማዋለጃው ላይ ነው ማለት ነው። ነጭ ዓሣ ቶሎ አይደርስም፤ ዕድሜ የሚፈልግ፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓሣ ነው። አንዲት የጎለመሰች እናት ደጃፍ ላይ ስትያዝ የሚጎድለው የዚያ ቀን አንድ ዓሣ ብቻ ሳይሆን ሊተኳት የሚችሉት ሁሉ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ረከሰ፤ መሣሪያውም ዋጋውም። ከሱዳን ወገን የሚገባው ሞኖፊላመንት የሚሉት ቀጭን የፕላስቲክ መረብ ውኃ ውስጥ አይታይም፤ ዋጋውም ከደህናው መረብ ያነሰ ነው። ሲበጠስ ማንም አይጠግነውም፤ ውኃው ውስጥ ይጣላል፣ ተጥሎም መያዙን አያቆምም። በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚሻገረው የዓሣ ቋንጣም ሌላ በር ከፈተ። ቋንጣ በረዶ ቤት አይፈልግም፤ መንገድ ከሌለበት የወንዝ ዳር እንኳ ተጭኖ ይሄዳል። በክረምት ጭቃ ምክንያት ድሮ ራሱን ይጠብቅ የነበረው የወንዝ አፍ በዚህ ሳቢያ መከታውን አጣ።

ከመረቡ የባሰው ብርብራ ነው። ብርብራ የሀገራችን ብቸኛ ሀብት የሆነ ደግ ዛፍ ነው፤ ጥላው ቡና ያሳድጋል። ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ግን ውስጡ ያለው መርዝ የዓሣውን ትንፋሽ ያቆማል። ትልቁም ትንሹም ነጭ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ሰው የሚለቅመው የሚያየውን፣ ያውም ትልቁን ብቻ ነው። ጫጩቱ በጎርፉ ተወስዶ ይቀራል። መረብ የዘንድሮን እናት ይወስዳል፤ ብርብራ ከእናቲቱ ጋር ጎጆውን ያቃጥላል።

የወንዝ ግማቱም ከወደ አናቱ

እዚህ ላይ ጣታችንን አስጋሪው ላይ ብቻ ቀስረን ብንቀር ፍርደ ገምድል እንሆናለን። «ዓሣ ግማቱ ከወደ አናቱ» ይባላል። ለወንዝም ይሠራል። የመገጭ አናት ደጋው ነው፤ ወገቡ ደግሞ የጎንደር ከተማ።

ጎንደር የተቆረቆረችው በአንገረብና በቀሃ መካከል ባለ ወገብ ላይ ነው። ቀሃ በየዓመቱ ለጥምቀት የፋሲልን መዋኛ የሚሞላው ውኃ ነው፤ ሕዝብ ነጭ ለብሶ፣ ታቦት አጅቦ፣ ተባርኮ የሚረጨው። ከከተማው ሲወጡ ሁለቱም ወንዞች ወደ መገጭ፣ በመገጭም ወደ ጣና ይገባሉ። በጥር የምንባረክበትን ውኃ በቀሪው ዓመት የቆሻሻ ማውረጃ አድርገነዋል። ከየሰፈሩ የሚለቀቀው ፍሳሽ፣ የጋራዡ ዘይት፣ የገበያው ጥራጊ፣ ሁሉም ዝናብ ሲመጣ አብሮ ይሄዳል። የሚሄደውም ዓሣው ሽቅብ በሚመጣበት በዚያው ሰሞን ነው።

ደጋው ላይ ደግሞ ገደል ላይ የወጣው እርሻ በየክረምቱ አፈሩን ይለቃል። ይህን የጎንደር ሰው ከማንም በላይ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ለከተማዋ መጠጥ ውኃ የተሠራው የአንገረብ ግድብ ደለል እየዋጠው ሲቸገር በዓይኑ አይቷልና። ግድቡን የሞላው አፈርና በጠጠር መሀል ያለውን እንቁላል የሚያፍነው አፈር አንድ ነው። ለውኃ ቧንቧችን ብለን የምንሠራው እርከን ለዓሣውም እርከን ነው። ሁለት ዕዳ በአንድ ክፍያ የሚቃለልበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው።

አሸዋና ጠጠሩስ? ጎንደር ባለፉት ዓመታት ወደ አዘዞም ወደ ጠዳም እየተዘረጋች ነው። ለዚያ ሁሉ ግንብ የሚያስፈልገው አሸዋና ጠጠር በአብዛኛው ከወንዝ ይወጣል። አካፋ የያዘ ወጣት ወንዝ ውስጥ ቆሞ ጠጠር ሲያወጣ የሚያየው የዕለት ጉርሱን ነው፤ ከእግሩ ሥር ያለው የዓሣ መራቢያ መሆኑን ማንም ነግሮት አያውቅም። ከቤቶቻችን ግድግዳ ውስጥ ስንቱ የነጭ ዓሣ ጎጆ እንደነበረ ለመቁጠር አይቻልም። ጠጠር አይውጣ ማለት አይቻል ይሆናል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ዓሣው ከሚወጣባቸው ገባሮች አይውጣ ማለት ግን ይቻላል።

ግድቡም አለ። በመገጭ ላይ ሥራው ከአሥር ዓመት በላይ የወሰደው ግድብ ከ70 ሜትር በላይ ቁመት ያለው፣ 17 ሺህ ሄክታር ገደማ መሬት እንዲያለማና ጎንደርን ውኃ እንዲያጠጣ የታሰበ ነው። ውኃ በፈረቃ ለሚጠብቅ ከተማ ይህን ግድብ አትፈልገው ማለት ግፍ ነው። ነገር ግን ግድብ ለውኃ በር ሲሆን ለዓሣ ግድግዳ ነው። ይህን ያህል ቁመት ላለው ግድግዳ የዓሣ መሰላል መሥራት የሚሆን ነገር አይደለም። የሚቻለው ሌላ ነው፦ በሐምሌና በነሐሴ ዓሣውን ሊጠራ የሚችል ውኃ አስቦ መልቀቅ፣ ከግድቡ በታች የሚገቡትን ገባሮች ከጠጠር ማውጣትና ከመርዝ ጠብቆ ማቆየት፣ ለመስኖ በሚሠሩ ዝቅተኛ ጠለፋዎች ላይ ደግሞ ዓሣ የሚያልፍበት ክፍት መተው። ጠለፋው ሁለትና ሦስት ሜትር ነው፤ ማለፊያ ለመሥራት የሚቸግረው ገንዘብ ሳይሆን ማሰብ ነው።

የወንዝ አፍ ሕመም ለሐይቁ ሁሉ እንደሚተርፍ ከእምቦጭ አረም በላይ ያስተማረን የለም። አረሙ በ2004 ዓ.ም. ገደማ መታየቱ ሲዘገብ የተገኘው በመገጭ መግቢያ አካባቢ ነበር። ወንዙ ከደጋና ከከተማ ይዞት የመጣው ማዳበሪያና ፍሳሽ እዚያ ደጃፍ ላይ ይደርሳል፣ ይረጋል፤ አረሙ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ከዚያ በኋላ በእጅ ለማረም ስንት ሺህ ሰው ውኃ ውስጥ እንደገባ እናስታውሳለን። ያኔ ደጃፉን ብንመለከት ኖሮ አረሙን በሐይቁ ሁሉ ባላሳደድን።

የሌላው ሐይቅ ዕጣ

ይህ መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ ለማወቅ መጠንቆል አያስፈልግም፤ ቀድመውን የደረሱ አሉ። በቪክቶሪያ ሐይቅ «ኒንጉ» የሚባል ዓሣ ነበር፤ እንደ ነጭ ዓሣ ሁሉ በዝናብ ወራት ወንዝ የሚወጣ። በሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አስጋሪዎች መረባቸውን በወንዞች አፍ ላይ ዘረጉ። ለጥቂት ዓመታት ገበያው ጠገበ። ከዚያ የኒንጉ ስገራ ተንኮታኮተ፤ እስከ ዛሬም እንደ ድሮው አልሆነም።

ከዚያ የባሰው በፊሊፒንስ ነው። ላናው የሚባለው ሐይቅ ልክ እንደ ጣና ከአንድ ዘር የተባዙ፣ ሌላ የትም የማይገኙ የዚሁ ቤተሰብ ዓሦች ነበሩት። ከልክ ያለፈ ስገራና ከውጭ የገባ ዓሣ ተባብረው ጨረሷቸው። የዓለም ተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ከእነዚህ ዓሦች 15ቱ ከምድር ገጽ መጥፋታቸውን አስታወቀ። ተመራማሪዎች እንደሚሉት የላናው ከሄደ በኋላ በዓለም ላይ የቀረው የዚህ ዓይነት ትልቅ የዓሣ ቤተሰብ የጣናው ብቻ ነው። አንድ ነገር በዓለም አንድ ብቻ ሲቀርና ያ አንድ እኛ ቤት ሲሆን፣ አደራው ከባድ ነው።

መመለስ እንደሚቻል የሚሞክሩም አሉ። ቻይና በያንግዜ ወንዝ ላይ ግዙፉን መቅዘፊያ አፍንጫ ዓሣ ካጣች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 2021 ጀምሮ በወንዙ ላይ ስገራን ለአሥር ዓመት አገደች። ለዚያ ታላቅ ዓሣ ግን ክልከላው ዘግይቶ ነበር። እኛ አሥር ዓመት አያስፈልገንም። ዓሣችን ገና አለ። የምንጠይቀው አራት ወር ነው፤ ያውም የሐይቁን ሁሉ ሳይሆን የደጃፉን።

ሕግ አለ፣ ጠባቂ የለም

ሕግ አልጎደለንም። ፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጁን፣ ቁጥር 315ን፣ ያወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። የአማራ ክልልም የራሱ አዋጅ አለው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ባሕር ዳር የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፤ ምሁራኑም የመራቢያው ወቅት ይዘጋ ብለው ከጻፉ ቆይተዋል። የጎደለው ሕጉን ከወረቀት አውርዶ መገጭ አፍ ላይ፣ ጭቃው ውስጥ የሚያቆመው ሰው ነው። ክልሉ አሁን ባለበት የጸጥታ ሁኔታ ደግሞ በየወንዙ የመንግሥት ዘብ ይቁም ብሎ መጠበቅ ራስን ማታለል ነው።

ስለዚህ ጥበቃው ከሚኖርበት ሰው መጀመር አለበት። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ተራራው ሁሉ ሲራቆት በየደብሩ ዙሪያ ያለው ደን የቀረው ዘበኛ ስለነበረው አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ነው ተብሎ ስለተከበረ፣ ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ስለገዘቱበት ነው። የመገጭና የድርማ አፍ በአጥቢያው አባቶችና ሽማግሌዎች፣ በእስልምና አባቶችም ፊት፣ ከሐምሌ አንድ እስከ ጥቅምት ሠላሳ መረብ አይወርድበትም ተብሎ ቃል ቢታሰርበት፣ ያ ቃል ከብዙ ማኅተም ይበልጣል። የወንዙን አፍ የሚያውቀው፣ ሌሊት የገባ ታንኳ በድምፁ የሚለየው፣ አስጋሪው ራሱ ነው። ጠባቂ ሊሆን የሚገባውም እሱ ነው።

አስጋሪው ግን ጦሙን አይደር። «እኔን ብቻ ለምን?» ቢል ትክክል ነው። ለዚህ ሁለት መልስ አለ። አንደኛው፣ ደጃፉ ቢዘጋ ሐይቁ አልተዘጋም፤ ቀረሶና አምባዛ አሉ፣ ከወንዙ አፍ ራቅ ብሎ በደህና መረብ ማስገር ይቻላል። ሁለተኛው፣ ሸክሙን ብቻውን አይሸከም። ለአራት ወር መረቡን ሰብስቦ ደጃፉን ለሚጠብቅ ማኅበር ከተማው የቀን አበል ቢከፍል የሚወጣው ገንዘብ እምቦጭን ለመንቀል ከወጣው ጋር የሚወዳደር አይሆንም። የተከለከለውን መረብ ለሚያስረክብ ደህናውን መረብ መስጠትም ከመቅጣት ይቀላል። ቅጣቱ መረቡን በመኪና ጭኖ ለሚያስገባው ነጋዴ ይቆየው።

የእኛ የበላተኞቹም ድርሻ አለ። በፍልሰታና በዐቢይ ጾም በከተማው ምግብ ቤቶች የዓሣ ፍላጎት ይጨምራል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ልተወው። ነገር ግን ፍልሰታ ከነሐሴ አንድ እስከ አሥራ አምስት ነው፤ ነጭ ዓሣ ሆዱን ሞልቶ ወደ ወንዝ የሚወጣበት ሰሞን። ገበያው የሚሞቀው እናቲቱ ደጃፍ ላይ በምትቆምበት ሳምንት ነው። ምግብ ቤቱ በዚያ ወር ከነጭ ዓሣ ይልቅ ቀረሶ ቢያዝዝ፣ ተመጋቢውም ዓይነቱን ቢጠይቅ፣ ማንም ሳይጎዳ መረብ ለመጣል ካለው ምክንያት ግማሹ ይቀራል።

ወደዚያች ገበያ ኅዳር ላይ ተመልሼ ነበር። እናትም በቦታቸው ነበሩ። ነጭ ዓሣው እንደ ነሐሴው አልበዛም፤ ሲሰነጠቅም እንዳሉት ባዶ ነበር። ሆዱ ተጣብቆ፣ ከወንዝ ጉዞ የተመለሰ ከሲታ ዓሣ። ዋጋውን ሳልከራከር ከፈልኩ። የነሐሴው ዓሣ ከነዕዳው ነበር የተሸጠው፤ ይህኛው ዕዳውን ወንዝ ላይ ከፍሎ፣ ልጆቹን ጠጠር መሀል ትቶ የመጣ ነው። ሰው ሊበላው የሚገባ ነጭ ዓሣ ይህ ነው።